ለአሰንዳቦው ቤት ስንል የተፋታን ጊዜ

በእኛ ሰፈር ሴት የምትፈታበት ምክንያት ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ባል ሌላ ያምረዋል፤ ወይም አማት ነገር ትሠራለች፤ ወይም ሴትዮዋ ራሷ በቃኝ ብላ ልብሷን ቋጥራ አባቷ ቤት ትገባለች። እኔ የተፈታሁት ለቆርቆሮ ነው። ባሌ አልጠላኝም፤ እኔም አልጠላሁትም። ተማክረን፣ ምሳችንን በልተን፣ ዝናብ ስለነበረ በአንድ ጃንጥላ ሥር ተጠጋግተን ነው ለመፋታት ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት የሄድነው። መንገድ ላይ ያገኙን ጎረቤቶች "ማሻአላህ፣ እንደ አዲስ ሙሽራ!" አሉን።

ባሌ ጀንፈል ሰብሳቢ ነበር። ጀንፈል ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡና ነው፤ እሱ ከገበሬው እየገዛ ጅማ ላሉ ትልልቅ ነጋዴዎች ያስረክባል። እኔ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበርኩ። ሁለት ቤት ነበረን። አንዱ ጅማ መንደራ ውስጥ የምንኖርበት ነው፤ በረንዳው ሰፊ፣ ግቢው ውስጥ የዘይቱን ዛፍ ያለው፣ ከኋላ አንዲት ሰርቪስ ክፍል ያለችው። ሁለተኛው አሰንዳቦ ላይ፣ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ዳር የሠራነው ነው። የዚያኛው ግድግዳ ከእሱ ቡና ወጣ፤ ጣሪያው ደግሞ ከእኔ ክንድ። እናቴ የሰጠችኝን የወርቅ አምባሮች ሸጠን ነው ቆርቆሮውን የገዛነው። አንዲት ባልቴት ተከራይታው ለመንገደኛ ሻይና ጮርናቄ ትሸጥበት ነበር። በአውቶቡስ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር አንገቴን አውጥቼ ጣሪያዬን አያለሁ፤ የዛገ ይመስለኝና እናደዳለሁ።

ንጉሡ የወረዱበት ዓመት ለባሌ የመከራ ዓመት ነበር። በበጋው የገጠር መሬት አዋጅ ወጣና ከአጋሮ ወዲያ ያለው የአባቱ የቡና መሬት ለገበሬ ማኅበር ሆነ። "ይሁን፣ ከአላህ ነው" አለ፤ ግን ለብዙ ቀን እህል አልወርድ አለው። ክረምት ሲገባ ደግሞ የከተማ ቦታና የትርፍ ቤት አዋጅ መጣ። አንድ ቤተሰብ አንድ ቤት ብቻ ይይዛል፤ የሚኖርበትን መርጦ ያስመዘግባል፤ ሌላው የመንግሥት ነው። ሬዲዮው አጠገብ ተቀምጠን አብረን ሰማን። እኔ አምባሮቼን ሳስብ እሱ ጺሙን ያሻል። ቀስ በቀስ ፊቱ በራ። ብልጥ ባል ፊቱ ሲበራ ሚስት ዱዓ ማድረግ አለባት፤ እኔ ግን ሻይ ቀዳሁለት።

"አንድ ቤተሰብ አንድ ቤት ነው ያለው፣ አይደል?" አለኝ።

"አዎ።"

"ሁለት ቤተሰብ ከሆኑስ?"

ሐሳቡን በሻይ ስኒው ጠረጴዛው ላይ እያሳየ አስረዳኝ። ቃዲው ፊት ቀርበን እንፋታለን። የጅማውን ቤት እኔ ከልጆቹ ጋር በስሜ አስመዘግባለሁ፤ የአሰንዳቦውን እሱ በስሙ። ግርግሩ ሲያልፍ ኒካሃችንን እናድሳለን። "ወረቀት ነው" አለ። "ወረቀት ምን አለው?"

"ግርግሩ መቼ ነው የሚያልፈው?"

"እነዚህ ሰዎች? ወላሂ ዓመት አይሞሉም!"

እነዚያ ሰዎች አሥራ ሰባት ዓመት ገዙ። ባሌ የቡና ዋጋ ሲገምትም ልክ እንደዚሁ ነበር። እኔ ግን እሺ አልኩ፤ ያ ጣሪያ በእኔ ክንድ ላይ ይጮህ የነበረ ወርቅ ነው፤ እንዲሁ ይሂድ ማለት አልሆነልኝም።

ለመፋታት ጠብ ያስፈልጋል። እኛ ደግሞ ለሰው የሚነገር ጠብ አልነበረንም። አንድ ቀን ምሳ ላይ ጠብ ፍለጋ ተቀመጥን።

"ወጥሽ ጨው ይበዛዋል እላለሁ" አለ።

"ለጨው ብሎ ማን ይፋታል? ሌላ አምጣ።"

"እሺ፣ ደሞዟን ትደብቀኛለች።"

"እኔ? መቼ ደብቄ አውቃለሁ?"

"ለእህትሽ ልጅ ጫማ የገዛሽው በምንድን ነው? እኔ የማላይ መሰለሽ?"

"አንተስ! ላገኘኸው ሁሉ ዋስ ትሆናለህ፣ ሰውየው ሲጠፋ ከልጆችህ አፍ ነው የሚነጠቀው!"

ወጡ ቀዘቀዘ። ትልቋ ልጃችን ምን ሆናችሁ ብላ ከጓዳ ወጣች። ባሌ ተነሥቶ ሲያበቃ፣ ከበሩ ተመለሰና በለሰለሰ ድምፅ "ይሄ የዋስ ነገር ጥሩ ነው፣ እዚያ ስንሄድ እንዳትረሺው" አለኝ። እኔ ግን ያን ቀን እስኪመሽ አላናገርኩትም። ለማስመሰል ያመጣነው ጠብ የራሱ እግር ነበረው።

ቃዲው አባቴን የሚያውቁ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሽማግሌ ነበሩ። እንደ ሸሪዓው ከማፋታት በፊት ከሁለቱም ወገን አስታራቂ ይቀመጣል። ከእሱ ወገን የአጎቱ ልጅ ተመረጠ፤ ምስጢሩን ስለሚያውቅ በየጉባኤው ያንቀላፋ ነበር። ከእኔ ወገን አጎቴ ተመረጡ። አጎቴ ኮፍያ ሰፊ ናቸው፤ እጃቸው እንደሚያምር ሁሉ አፋቸው አይዘጋም፤ ስለዚህ አልነገርናቸውም። ትልቁ ስህተታችን ይኸው ነው። አጎቴ ነገሩን ከልባቸው ያዙት።

በየሐሙሱ ከገበያ መልስ ጫታቸውን በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ይመጣሉ። ዱዓ ያደርጋሉ፤ ያለቅሳሉ፤ ስለ ሟች አባቴ ያነሣሉ። ከዚያ ባሌን "አንተ ልጅ፣ ማሎ፣ ጨው በዛ ብሎ የሰው ልጅ ይጣላል?" ይሉታል፤ ማሎ በኦሮምኛ እባክህ ነው። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ "ዋስ መሆን እኮ ደግነት ነው ልጄ፣ ክፉ ሰውን ማን ዋስ ሁነኝ ይለዋል?" ይሉኛል። ሲመሽ "ነገሩ ለዝቧል፣ በሚቀጥለው ሐሙስ እንጨርሰዋለን" ብለው ይሄዳሉ። እኚያ ሰው ዕድሜ ልካቸውን አንድም ጋብቻ በእጃቸው ፈርሶ አያውቅም፤ በእኛም ሊጀምሩ አላሰቡም። በዚህ መሐል ቤት የሚመዘገብበት ጊዜ እየተጠናቀቀ ነበር። ባሌ ሐሙስ በመጣ ቁጥር ያልበዋል።

መጨረሻ ላይ ቃዲው ፊት ቀረብን። ምዝገባው ሊዘጋ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። አጎቴ ተነሡና ፊታቸው እንደ ኢድ ቀን እየበራ "አልሐምዱሊላህ፣ ታርቀዋል!" አሉ። "እሱ ጨዉን ችሏል፤ እሷም ዋስትናውን ይቅር ብላለች። ና አንተ ልጅ፣ ግንባሯን ሳማትና ወደ ቤታችሁ ሂዱ።"

ባሌ ወደ እኔ አየ፤ ወደ አጎቴ አየ። የአሰንዳቦው ቤት ከእጁ ሲወጣ ታየው መሰለኝ። ዘሎ ተነሣና "አልታረቅኩም! ፈትቻታለሁ!" አለ።

ቃዲው እጃቸውን አነሡ። "በቃ ልጄ፣ ሰማንህ..."

እሱ ግን ያላመኑት መሰለው። "ፈትቻታለሁ እኮ ነው የምለው!" አለ። ቀጥሎ ለሦስተኛ ጊዜ፣ ደጅ ዛፍ ሥር ተራ የሚጠብቁት ሁሉ እስኪሰሙ ድረስ ጮኾ ደገመው። የቃዲው እጅ አየር ላይ እንዳለ ቀረ። አጎቴ ቁጭ አሉ። እኔ ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ከንፈሬን ነክሼ ወለሉን ሳይ ሰው ያለቀስኩ መስሎት ከንፈሩን መጠጠልኝ።

ከዚያ ንብረት ወደ መካፈሉ ተገባ። ቃዲው "መሬቱ የመንግሥት ሆኗል፤ እኛ የምንከፍለው ከመሬት በላይ ያለውን ነው" አሉ። እሱ አሰንዳቦን፣ እኔ ጅማን እንድንይዝ ተስማማን። ግን የጅማው ቤት ትልቅ ስለሆነ እሱ እዚያ ላይ ድርሻ ይቀረዋል። ይሄኔ ቃዲው መነጽራቸውን አውልቀው "ቀሪ መህር አላት ወይ?" ብለው ጠየቁ። ቀሪ መህር ባል ለሚስቱ በኒካሁ ቀን ቃል ገብቶላት፣ የፈታት ወይም የሞተ ቀን የሚከፈላት ነው። ዛሬ የማይከፈል ነገር ደግሞ ሁሉም ርካሽ ነው። የእኔው ሙሽራ በሠርጋችን ቀን ከአጎቱ ልጅ ላለማነስ ሲል የጅማ ወርቅ ሠሪዎች በዓመት የማይሠሩትን ወርቅ ቃል ገብቶ፣ ሰዉ አጨብጭቦለት ነበር። አጎቴ ከተቀመጡበት ቀና ሳይሉ ወቄቱን ተናገሩ። አንድም አልረሱም።

ወርቅ የለም። ስለዚህ የጅማው ቤት ድርሻው በመህሬ ተይዞ ቤቱ ሙሉ በሙሉ የእኔ ሆነ። ለልጆቹም በየወሩ ቀለብ ተቆረጠላቸው፤ ጤፉ፣ ዘይቱ፣ ስኳሩ። ባሌ ሁሉንም ፈገግ ብሎ ፈረመ፤ ሲወጣ ዓይኑን ጠቀሰኝ። እኔም ጠቀስኩት። ሞኝ ከሞኝ ሲጠቃቀስ እንዲያ ነው።

ምዝገባው እንዳለቀ አንድ ኪሎ ስኳር ይዘን፣ ያንኑ ጃንጥላ ይዘን፣ ኒካሃችንን እንዲያድሱልን ቃዲው ቤት ሄድን። ባሌ እየሳቀ ምስጢሩን ነገራቸው። እሳቸው አልሳቁም።

"ስንት ጊዜ ነው ያልከው?"

"ሦስት ነው ሼኼ፤ ግን ለይምሰል ነበር። ለቤቱ ስንል ነው።"

"እኔ እጄን ያነሣሁት ለምን መሰለህ?" አሉት። "አንዴ ብለህ ብታበቃ ኖሮ ዛሬ ትመልሳት ነበር። ሁለቴም ቢሆን መንገድ አለው። ሦስተኛው በሩን ይዘጋዋል።"

"ቀልድ እኮ ነው ሼኼ! አላህ ልቤን ያውቃል።"

"በኒካህና በፍቺ ቀልድ የለም ልጄ። የይምሰሉም ይቆጠራል።"

መመለሻው አንድ ብቻ ነው አሉ። እኔ ሌላ ሰው ከልቤ አግብቼ፣ እውነተኛ ትዳር ኖሬ፣ ያ ሰው ሲሞት ወይም በራሱ ፈቃድ ሲፈታኝ፣ ያኔ እንደ አዲስ መጋባት እንችላለን። ከዚያ ስኳሩን በጣታቸው ወደ እኛ ገፋ አደረጉት።

ስንወጣ ዝናቡ እየወረደ ነበር። ባሌ ጃንጥላውን ዘረጋና፣ እንደ ልማዱ ሊያስጠጋኝ እጁን ሰደደ፤ መልሶ ሰበሰበው። እኔም መግባት አለብኝ የለብኝም እያልኩ ደጁ ላይ ቆምኩ። ከልጆቼ አባት ጋር አሥር ዓመት አብሬ ተኝቼ፣ በአንድ ጃንጥላ ሥር መሄድ ይፈቀድልኝ እንደሆነ አላውቅም ነበር። ጃንጥላውን ሰጠኝና ወደ ኋላ ቀረት አለ። እስከ አዌቱ ወንዝ ድልድይ እኔ ከፊት፣ እሱ ባዶ ራሱን እየበሰበሰ ከኋላ ሄድን። ዞሬ እንዳላየው አንገቴን እንደ ድንጋይ አድርጌ ነበር። ልቤ እንደዚያ ቀን ተሰብሮ አያውቅም።

እንግዲህ ባሌ ማለትም ቀረ፤ የልጆቼ አባት ሆነ። አሰንዳቦ ሄዶ ከሻይ ቤቱ ኋላ ባለችው መጋዘን ውስጥ፣ በጀንፈል ጆንያ መሐል አልጋ ዘረጋ። ባልቴቲቱን እንዳያስወጣት ኪራይዋ ያስፈልገዋል። በየሁለት ቀኑ ደግሞ አንድ ነገር ረሳሁ እያለ ጅማ ይመጣል። የተፈረደበትን ቀለብ ግን ሳያዛንፍ ነው የሚያመጣው። ጤፉን ያራግፋል፣ ስኳሩን ያስረክባል፣ ከዚያ በረንዳው ላይ ይቀመጥና ልጆቹ ያቀረቡለትን ይበላል። ለልጆቹ የተቆረጠውን ቀለብ ግማሹን ራሱ ነበር የሚበላው። እኔ ከውስጥ ሆኜ ወጡን እሠራለሁ። ጨው አበዛ ነበር፤ ሆን ብዬ ነው።

አንድ ሐሙስ በልጃችን በኩል መላ አገኘሁ ብሎ ላከብኝ። የቡና መጋዘን ዘበኛ የሆኑ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ደግ ሰው ናቸው፣ ቤተሰብ የላቸውም። ለጥቂት ጊዜ አግብተውኝ ሊፈቱኝ ተስማምተዋል። ለውለታቸው አዲስ ጋቢ ይገዛላቸዋል። አነጋግሯቸው ጨርሷል!

እንዲያ ተናድጄ አላውቅም። በረንዳው ላይ ወጣሁና ሰፈሩ እየሰማ "በጋቢ ነው የምትሸጠኝ?" አልኩት። "በል ሽማግሌው ይምጡ! አገባቸውና አብሬያቸው እኖራለሁ! እሳቸው እንኳ ለቆርቆሮ ብለው አይፈቱኝም!" እሱ ጫማውን በእጁ ይዞ ወጣ። ኋላ ቃዲው ነገሩን ሰምተው ኖሮ፣ ለፍቺ ተብሎ የሚያገባ ሰው በሃይማኖታችን የተዋሱት ወጠጤ ይባላል ብለው እንደገሠጹት ሰማሁ። ሽማግሌው ጋቢያቸው ቀረ፤ የሚያሳዝኑኝ እሳቸው ናቸው።

በዚህ መሐል ከአሰንዳቦ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ሰዎች ቤት ሊያጣሩ መጡ። የልጆቼ አባት እንደተለመደው ጅማ፣ በረንዳዬ ላይ ምሳ እየበላ ነበር። ባልቴቲቱን "እዚህ ቤት የሚኖረው ማነው?" ብለው ጠየቋት። እሷ ሰላቷን የማታጓድል፣ ውሸት የማትወድ ሴት ናት። "እኔ ነኝ የምኖረው" አለቻቸው። "ሰውየው ኪራይ ሲደርስ ይመጣል፤ አንዳንዴም ጆንያ ላይ ያድራል። ምሳውን ግን ሚስቱ ዘንድ ነው የሚበላው።" ቤቱን ያን ቀን ወሰዱት። ባልቴቲቱ በቀበሌ ተከራይነት ቀጠለች፤ ኪራይዋም ቀነሰላት። ከዚያ ወዲህ በአውቶቡስ ባለፍኩ ቁጥር ጣሪያዬን አያለሁ፤ ታጥቦ የተቀባ እንደሆነ ሁሉ ያበራል።

የልጆቼ አባት አንድ ሻንጣ፣ የጀንፈል ሚዛንና ፍራሽ ይዞ ደጄ ላይ ቆመ። ቀና ብሎ አላየኝም። "ለጥቂት ቀን ነው" አለ። ያችን ሰርቪስ ክፍል ሰጠሁት። ቃዲውን ሳስጠይቅ፣ ጣሪያው ለየብቻ ከሆነ፣ በሩም ለየብቻ ከሆነ፣ ልጆችም ካሉ ምንም አይደለም አሉ። ቀበሌው ግን እንደ ቃዲው አልቀለለም።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ቀድሞ ፀጉር አስተካካይ የነበረ፣ የልጆቼን አባት ጺም ብዙ ጊዜ የላጨ ሰው ነው። የቤተሰብ ብዛት ለስኳር ሲመዘገብ እንደማያውቀው ሁሉ ጠየቀኝ።

"ጓዲት፣ ይሄ ሰው ባልሽ ነው?"

"አይደለም። ተፋተናል።"

"ዘመድሽ ነው?"

"አይደለም።"

"እንግዲያው ተከራይ ነው። ተከራይ ካለሽ ደግሞ ክፍሏ ትርፍ ናት ማለት ነው፤ ልንወርሳት ነው።"

ደነገጥኩ። አንዱን ቤት ለማዳን ተፋትተን፣ አሁን ደግሞ ለፍቺው ስንል ሌላው ሊቆረስ ነው። ይሄኔ ከኋላዬ የልጆቼን አባት ድምፅ ሰማሁ። "ዘበኛ ነኝ" አለ። "ግቢውን እጠብቃለሁ።"

ሊቀመንበሩ እስክሪብቶውን አነሣ። እኔ ዞሬ አየሁት። መሬት መሬት ያያል፤ ጆሮው ቀልቷል። ስንት ገበሬ እጅ እየነሣው ሚዛን የያዘ ሰው፣ ሊያገቡኝ የነበሩትን የሽማግሌውን ሥራ ለራሱ ወሰደ። ዘበኛ ተብሎ ተጻፈ፤ ስኳርም ተቆረጠለት።

ግርግሩ ሊያልፍ ነው ሲል፣ ዓመታቱ አለፉ። ጠዋት በሩን ይከፍታል፤ ማታ ይዘጋል። የዘይቱኑን ዛፍ ይገርዛል፤ ጫማችንን ሳይቀር ይጠግናል። የጀንፈሉ ንግድ ወደ መንግሥት ስለሄደ ሚዛኑን ዘይት እየቀባ ሰቅሎ አስቀመጠው። እቤት ውስጥ አንድ ነገር ሲፈልግ ያንኳኳል፤ ራሱ ያስገጠመውን በር አንኳኩቶ ይቆማል። ልጆቹ አባዬ ይሉታል፣ ቀበሌው ዘበኛ ይለዋል፣ እኔ "አንተ" ብቻ እለዋለሁ። አንዴ በሰፈር ስብሰባ ላይ ከወጣት ካድሬዎች አንዱ "ጓድ፣ በአሠሪህ ትበዘበዛለህ ወይ?" ብሎ አስነሣው። የልጆቼ አባት አሰበና "ወላሂ እበዘበዛለሁ፤ ወጡ ጨው ይበዛዋል" አለ። አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ዓይኔ ግን እንባ አቀረረ።

አንድ ጊዜ ደግሞ ሚስቱ የሞተችበት የሒሳብ አስተማሪ ለጋብቻ ሊጠይቀኝ ደጄ መጣ። የልጆቼ አባት ከበሩ ላይ "እመቤቴ የሉም" ብሎ መለሰው። ሰምቼ ወጣሁና ተቆጣሁት። በማግስቱ ግን ስኳሩን ሲያመጣ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ሳስበው ብታገቢው ጥሩ ነው" አለኝ። "ሰውየው ስኳር በሽታ አለበት ይላሉ። ብዙ አይቆይ ይሆናል።"

"ቃዲው ከልብ ይሁን ነው ያሉት።"

"ከልብሽማ አግቢው። እኔ እጠብቃለሁ። ዘበኛ አይደለሁ?"

ግንቡን ተደግፌ እስኪያመኝ ሳቅኩ። አስተማሪውን አላገባሁትም፤ የሰው ሞት እየቆጠርኩ አልጋ አላነጥፍም። እውነቱ ደግሞ ሌላ ነው፤ በዚያ ግቢ ውስጥ ከዘበኛው በቀር የምወደው ሰው አልነበረኝም። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለእሱም ጭምር።

በመጨረሻው ክረምት ታመመ። የሰርቪሷ ጣሪያ አርጅቶ ስለነበር ዝናቡ በሦስት በኩል ያፈስበታል፤ ሣፋና ድስት ደርድሮ መሐላቸው ይተኛል። ለቆርቆሮ ብሎ የተፋታ ሰው ቆርቆሮ አጣ። ነርስ የሆነችው ትልቋ ልጄ ሳንባው መበላሸቱን ስትነግረኝ ማንንም አላስፈቀድኩም። ቃዲው ያኔ ሞተዋል፤ ቢኖሩም አልጠይቃቸውም ነበር። ልጆቹ ከነፍራሹ አንሥተው ወደ ቤት አስገቡት። ውኃውን ልጄ ታጠጣዋለች፤ እኔ ራቅ ብዬ በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ። ጣሪያውን ብዙ አየ።

"እዚህ አያፈስም" አለ።

"አያፈስም።"

"እጃቸውን ሲያነሡ እኮ አይቻቸዋለሁ። ቃዲውን።" ትንፋሹን ሰበሰበ። "አንዴ ብቻ ብዬ ባበቃ ምን ነበረበት?"

"አንተ ነገር ሳትደጋግም መቼ ታውቃለህ?" አልኩት። ፈገግ አለ። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ከቀብሩ ማግስት ሊቀመንበሩ ሊያስተዛዝነኝ መጣና "ጓዲት፣ ታማኝ ሠራተኛ ነበር" አለኝ። ስኳሩም በዚያው ወር ተቀነሰ። ሚዛኑንና ጃንጥላውን ልጆቹ ወረሱ፤ እኔ በሕግ የምወርሰው ነገር የለም። ነጭ ሻሼን አስሬ፣ ሽቶና ቀለም ትቼ፣ ባሏ የሞተባት ሴት እንደምታደርገው ዒዳዬን ለመቀመጥ ፍራሽ ዘረጋሁ። ወሬው ወጥቶ ኖሮ በቃዲው ቦታ የተተኩት ወጣት ሼህ መጡ። ቅን ሰው ናቸው፤ አሳዘንኳቸው።

"እትዬ፣ እርስዎ እኮ የተፈቱ ነዎት" አሉኝ። "ሟቹ ባልዎ አይደሉም፤ ዒዳ የለብዎትም። እንዲህ ቢቀመጡ እንኳ ለይምሰል ነው የሚሆነው።"

"ይሁን ሼኼ" አልኳቸው። "የይምሰሉም ይቆጠራል ብለውናል።"